ካፖርቱ ገና አልደረቀም

ባል ሲሞት ለሚስት ቤት ይቀራታል፣ መሬት ይቀራታል፤ ያም ባይሆን ስሙ ይቀራታል። ለእኔ የቀረልኝ ጢም ያለው እንሽላሊት ነው። ያላመነኝን ሰው አልቀየምም፤ የሰፈሬ ሰው በዓይኑ እያየም አላመነም።

ቤቴ ከራጉኤል ጀርባ አንድ ቅያስ ገባ ብሎ ነው። አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ከከፈቱት የማይዘጋ፣ ከዘጉት የማይከፈት። ሠላሳ ዓመት ስኖርባት ሳልጋብዛቸው አብረውኝ የኖሩ አይጦችና በረሮዎች ቁጥር የላቸውም። በአደራ የተረከብኩት ግን ባሻን ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ አያ ተፈራ የአንድ ፈረንጅ ቤት ዘበኛ ነበር። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ ለወጥ ቤቷ ፍሪጅ ሰጣት፣ ለአትክልተኛው ብስክሌት ሰጠው። ይህን የሰማሁ እኔ፣ ለቴሌቪዥን ጠረጴዛ ጠርጌ፣ ዳንቴል አንጥፌ ደጅ ደጁን ሳይ ዋልኩ። አያ ተፈራ መጣ። እጁ ባዶ ነው፤ የካፖርቱ ደረት ግን ይንቀሳቀሳል።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ከሁሉም የሚሻለውን» አለና ቁልፉን ፈታ።

አንድ ክንድ የሚያህል፣ መልኩ የደረቀ ጭቃ የመሰለ፣ ጎንና ጎኑ እሾህ የለበሰ፣ ከአገጩ ሥር ጢም ያንጠለጠለ ፍጥረት አንገቱን አውጥቶ አየኝ። እኔ አልጋው ላይ ወጣሁ። እሱ አንድ እጁን ከፍ አድርጎ አወዛወዘልኝ።

«ሰላም እያለሽ እኮ ነው» አለኝ አያ ተፈራ።

«እግዚአብሔር ይመስገን በለውና አስወጣው!»

አልወጣም። ዳንቴሉ ላይ ሳጥኑ ተቀመጠ። ስሙንም ባሻ አለው፤ ጢሙ የድሮ ባለማዕረግ ስለሚያስመስለው። ሲቆጣ ያ ጢም ይነፋና ከሰል ይመስላል፤ የእድራችን ዳኛ ሰው ሲያረፍድበት እንደሚሆነው። ፈረንጁ ለአያ ተፈራ አጥብቆ የነገረው አንድ ነገር ነው፦ የዚህ እንስሳ ዘር አገሩ በረሃ ነው፤ በራሱ ገላ ውስጥ ሙቀት የለውም፣ ከውጭ ነው የሚያገኘው። ካልሞቀው የበላው አይፈጭለትም፣ ሰውነቱም አይታዘዝለትም። ለዚህ የሚሆን ቀይ አምፖል አብሮ ሰጥቶታል።

ምግቡ በረሮ ነው፤ በዚህስ የእኔ ቤት ጎተራ ነው። ረቡዕና ዓርብ ግን ከአትክልት ተራ የለቀምኩትን የጎመን ቅጠል ብቻ እሰጠዋለሁ። እንሽላሊት ቢሆንም የሚኖረው በክርስቲያን ቤት ነው።

ቀን ቀን አምፖሉ ያሞቀዋል። ሲመሽ ደግሞ አያ ተፈራ የዘበኛ ካፖርቱን እንደለበሰ ጋደም ይልና ባሻን ደረቱ ላይ ያስተኛዋል። ሠላሳ ዓመት ራሴን ያሳረፍኩበትን ደረት እንሽላሊት ወረሰብኝ። ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ በመርካቶ መሃል፣ በእንሽላሊት ቀናሁ። እኔ ባሻን በጣቴም አልነካውም ነበር፤ ማንሣት ግድ ሲሆንብኝ በጨርቅ ነው።

ግንቦት ላይ አያ ተፈራ ሳንባውን ታመመ። አንድ ምሽት እጄን ያዘና «አደራ አለኝ» አለኝ። ደነገጥኩ። ሌላው ባል በዚህ ሰዓት ስለ ነፍሱ ወይ ስለ ልጁ ይናገራል።

«ባሻን እንዳይበርደው።»

«እሺ» አልኩት። «እኔንስ?» ልለው ፈልጌ ሳልል ቀረሁ።

ሲነጋ ስነካው ቀዝቅዞ ነበር። በእኛ ዘንድ ሬሳ አያድርም። ስምንት ሰዓት ላይ ቀብረነው፣ እድርተኛው ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ይቆረጥም ነበር። አዋሳ ያገባችው ልጄ ልጆቿን ይዛ መጥታ «እማዬ፣ ከእኔ ጋ ነይ» አለችኝ። «ባሻስ?» ብላት ሕፃኑን አቅፋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ቀረሁ።

እንግዲህ የሟች ልብስ ለነዳያን ይሰጣል፤ ነፍሱ እንዳትራቆት ነው። በአርባው ጫማውን ሰጠሁ፣ ሱሪውን ሰጠሁ፣ የዓመት በዓል ኮቱን ሳይቀር ሰጠሁ። ካፖርቱ ላይ ግን ባሻ ተኝቷል። ይህን ለነፍስ አባቴ እንዴት ብዬ ልናገር? «የሟችን ልብስ እንሽላሊት ለብሶታል» ልበል?

«ካፖርቱስ?» አሉ አባ።

«ታጥቦ ነው አባ፤ አልደረቀም።»

ክረምቱ መግቢያው ነበርና አመኑኝ። በሐምሌ ጠየቁኝ። «ዝናቡን እያዩት አባ፤ ገና ነው» አልኩ። በነሐሴ መግቢያ ደግመው ጠየቁኝ። «ገና አልደረቀም።»

«ልጄ» አሉኝ መስቀላቸውን እያስሳሙኝ፣ «የኖኅ ልብስ እንኳን እስካሁን ደርቋል።»

እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ ውሃም አላስነካሁት። አንገትጌው ላይ የአያ ተፈራ ሽታ አለ፤ የላቡ፣ ለብርድ ብሎ ሲያኝከው የሚያድረው የነጭ ሽንኩርት። ባሻን ልሸፍን ጎንበስ ስል፣ ለመሸፈን ከሚበቃው በላይ ጎንበስ ብዬ እቆይ ነበር።

አሁን ስለ አምፖሉ ላውራ። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ፣ ብቻዬን ስሆን፣ ባሻ እንዳይበርደው ብዬ ሳጥኑን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁና ቀዩን አምፖል ሲመሽም አላጠፋሁትም። መርካቶ እየኖርኩ፣ በዚህ ሰፈር ከመሸ በኋላ መስኮት ላይ ቀይ መብራት የሚበራው ለምን እንደሆነ ሐዘን አስረስቶኛል። በሩ ተንኳኳ። አንድ ሞቅ ያለው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ዱካው ላይ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«አንድ ጠርሙስ» አለኝ።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣ መስሎኝ ውሃ ቀዳሁለት። ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ።

«ሴቶቹስ የት አሉ?»

«ልጄ አዋሳ ናት» አልኩት። «ለቀብሩ ደርሳ ተመለሰች።»

«ለቀብሩ?» አለና ጥቁር ልብሴን አየ፤ ከዚያ ቀዩን መብራት አየ፤ ከዚያ ከመብራቱ ሥር ባሻን አየ። ባሻም ልማዱ ነውና አንድ እጁን ከፍ አድርጎ አወዛወዘለት።

«ከዛሬ ወዲያ ጠላቴ ይጠጣ!» ብሎ ወጣ። ባርኔጣው እኔ ጋ ቀርቷል።

በማግስቱ የግድግዳ ጎረቤቴ ዘይነባ መጣች። ዘይነባ የስልጤ ልጅ ናት፤ ጀሪካንና ባልዲ ትነግዳለች፤ ቀልዷን ከዕቃዋ ጋር መርቃ የምትሰጥ ሴት ናት።

«እትዬ፣ ከል ሳያወልቁ ሥራ ጀመሩ ይላል እኮ ሰፈሩ!»

«ምን ሥራ?»

ነገረችኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ። ስቄ አላውቅም ነበር ከግንቦት ወዲህ፤ ያን ዕለት ከነጠላው ሥር ሳቅሁ፤ ሳቁ መጨረሻው ላይ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ዘይነባ መስኮቱን በማዳበሪያ ሸፈነችልኝ።

ማዳበሪያውም አልበጀን። መብራት በፈረቃ ሆነ፤ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ሰው ሻማ ይገዛል፤ ባሻን ግን ሻማ አያሞቀውም። ስለዚህ ምን አለሽ ተራ ሄድኩ። እዚያ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ፣ ከዘይት ቆርቆሮ ኩራዝ ይሠራል። አንድ ቀጥቃጭ ፊት ቆምኩ።

«ሁለት ፎቅ ያለው ሳጥን ሥራልኝ የኔ ልጅ። ከታች ፍም የሚገባበት፣ ከላይ ማረፊያ።»

«ምን ሊጠብሱበት ነው እማማ?»

«የሚጠበስ የለም፤ የሚሞቅ ነው።»

«ጫጩት?»

«አይደለም፤ ጢም አለው።»

«ፍየል?»

«አንድ ክንድ ነው። እሾህ አለው።»

መዶሻውን አስቀመጠ። ቀኝና ግራውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው የሚታይዎት?»

ቢሆንም ሠራልኝ፤ እግዜር ይስጠው። መብራት በሌለበት ዕለት ፍሙን ከታች ጨመርኩ፣ ባሻን ከላይ አስገባሁ። ብዙም ሳይቆይ እግሮቹን እያፈራረቀ ማንሣት ጀመረ፤ አንዱን ሲጥል ሌላውን ያነሣል፣ አንገቱን ይሰብቃል። ደስ ብሎት እስክስታ የሚወርድ መሰለኝ። አጨበጨብኩለት! እስቲ አሁን ማ ይሙት፣ ከእኔ የባሰች ሞኝ አለች? ዘይነባ ሽታው ሸትቷት ሮጣ ባትገባ ኖሮ አደራዬን ጠብሼው ነበር። እኔም በከሰሉ ጢስ ሁለት ቀን ራሴን አስሬ ተኛሁ።

ከዚያ ወዲያ ዘይነባ ከሱቋ ጠርሙስ አመጣችልኝ። ሙቅ ውሃ እየሞላሁ፣ ጠርሙሱን ከሥር፣ ባሻን ከላይ አድርጌ በካፖርቱ እጠቀልላለሁ። ውሃው ሲቀዘቅዝ እቀይራለሁ። ሕፃን ያላቸው እንደሚነሡት እየተነሣሁ ሰነበትኩ።

ቡሄ ካለፈ በኋላ ግን ሰማዩ ተቀደደ። ፈረቃችን በሆነው ቀንም መብራት ቀረ፤ ከሰሉም ረጥቦ አልያዝ አለ። ባሻ መጀመሪያ ጎመኑን ተወ። ቀጥሎ በረሮ በአፍንጫው ላይ ሲያልፍ ዝም አለ። አንድ ጠዋት ካፖርቱን ስገልጥ ዓይኑ ተከድኗል፣ እግሩ ተዘርግቷል። በጨርቅ አነሣሁት። እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ጠራሁት፤ ጎረጎርኩት፤ ጢሙን ጎተትኩት፣ ይቆጣ እንደሆነ ብዬ። አልተቆጣም።

ዘይነባ መጥታ አየችው። «እግዜር ያጽናዎት እትዬ» አለችና ሳቋ ሲመጣባት በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች። ፊቴን ስታይ ሻሹን ወደ ዓይኗ አወጣችው።

«ዛሬውኑ ልቅበረው» አልኩ። ሬሳ አያድርም። ግን የት? መርካቶ ከመርፌ እስከ መኪና ሞተር ሁሉም ይገኛል፤ የሌለው አንድ ጭብጥ ባዶ አፈር ነው። ያለው ድንጋይ ነው፣ ሲሚንቶ ነው፣ ሱቅ ነው። ዘይነባ ጤና አዳም የተከለችበትን ጣሳ ልትሰጠኝ አመጣች።

«ጅራቱ ውጭ ይቀራል» አልኳት።

ስለዚህ ዝናቡ ሲያባራ ወስጄ ከአያ ተፈራ መቃብር ግርጌ በስውር ልቀብረው ወሰንኩ። እስከዚያው በዚያ ሊጠበስበት በነበረው ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አጋደምኩትና ክዳኑን ገጥሜ ከቁም ሳጥኑ ላይ አኖርኩት።

ካፖርቱ አልጋው ላይ ባዶውን ቀረ። አሁን ምክንያት የለኝም። አደራዬን በልቻለሁ፤ የሟችን ልብስ ደብቄ ደግሞ ነፍሱን ላራቁት? ፊቴን አንገትጌው ውስጥ ቀብሬ ቆየሁ። ከዚያ አጥፌ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ራጉኤል ሄድኩ።

«ደረቀ አባ» አልኳቸው።

ዝናቡ ከአናታችን በላይ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አባ አዩኝ። ወደ በሩ ወስደው አንድ ማየት የተሳናቸው ሽማግሌ አሳዩኝ። ካፖርቱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጌ፣ ምርቃቱን ሳልጨርስ ሸሸሁ።

በአራተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። ያቺ የክረምት ፀሐይ፣ ስትወጣ የምትለበልበው። ሳጥኑን አውርጄ ደጃፍ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩ፤ እንዳይሸት ብዬ ክዳኑን ከፈት አደረግኩና ጫማዬን ፍለጋ ገባሁ። የጫማዬ አንዱ እግር ሁልጊዜ ከአልጋው ሥር ነው፤ ሌላው የት እንደሚሄድ እሱ ያውቃል። ስፈልግ ቆየሁ። የዘይነባ ጩኸት አወጣኝ።

«እትዬ! ሬሳው ቆመ!»

ወጣሁ። ባሻ በፊት እግሮቹ ተደግፎ ከሳጥኑ አንገቱን አውጥቷል። ጢሙ ከሰል መስሏል። እንደዚያ የተቆጣ ፍጥረት አይቼ አላውቅም። ዘይነባ ከበሩ መቃን ተለጥፋ ቀስ እያለች ተጠጋች፤ አየችው፤ ከዚያ ፀሐዩን አየች።

«እትዬ፣ ሞቶ አልነበረም እኮ። በርዶት ነው።»

እልል አለች። ጎረቤት ወጣ። እኔ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ለባሻ ሲስቅና ሲያማትብ፣ በእኔ ራስ ውስጥ አንዲት ነገር ብቻ ትዞራለች። አያ ተፈራንም ያን ጠዋት ስነካው ቀዝቅዞ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ቀበርነው። ያን ቀን ፀሐይ ነበር። ደጃፉ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ነበር፤ እኔ ግን ድንኳኑን ጣሉ፣ አግዳሚውን አምጡ ስል ዋልኩ።

ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ማወቅ ግን ከሐሳብ አያስጥልም።

ባሻን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩት፤ የሚያሞቀው ካፖርት የለም፣ መብራት የለም። ያን ዕለት በጨርቅ መያዙንም ረሳሁት። ብርድ ልብሴን አጣጠፍኩና በብብቴ ይዤ ወደ ራጉኤል ገሰገስኩ። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ብርድ ልብሱን ለሽማግሌው እሰጣለሁ፣ ካፖርቱን እለውጣለሁ። ነዳይም አይበደልም፣ ባሻም አይበርደውም፣ እኔም። እኔም እንግዲህ።

መጀመሪያ አባን አገኘኋቸው።

«አባ፣ እኛ ስንቀብር እንቸኩላለን እንዴ?»

ምን ማለቴ እንደሆነ ገባቸው መሰለኝ።

«ግንባሩን የባረክሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «እጄ ስንቱን ነክቷል መሰለሽ። ያ ቅዝቃዜ ፀሐይ የሚመልሰው ቅዝቃዜ አይደለም፣ ልጄ።»

አለቀስኩ። ነጠላዬ ውስጥ ባሻ ተገላበጠ። አባ የነጠላዬን መንቀሳቀስ አይተው አማተቡና ቀስ ብለው ወደ ቅጽሩ ገቡ።

ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተው በር ላይ ቆመዋል። ካፖርቱን አየሁት። ያ ትከሻው ላይ የጣፍኩት ካኪ፣ ያ የተንጋደደ ጫፉ። ከኋላ ሲታይ ካፖርት አይደለም፤ ሰው ነው፤ የእኔው ሰው።

«አያ ተፈራ!» አልኩ። አፌ ነው ያለው።

ዞሩ። አይደሉም።

«ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ… ካፖርቱን የሰጠሁት።» ያጠናሁትን ሁሉ ረሳሁ። «ብርድ ልብስ አመጣሁልዎት» አልኩና እጃቸው ላይ አኖርኩት፤ ቀጥዬ «በካፖርቱ ፋንታ» ልል።

«ውይ!» አሉ ሽማግሌው። «ከላይ ካፖርት፣ ከታች ብርድ ልብስ! እንግዲህ ብርድ በየት ይገባል እናቴ? ይኸ ካፖርት ከመጣልኝ ወዲህ እኮ ሌሊቱ አጠረልኝ።»

በፋንታ የምትለዋን ቃል ዋጥኳት። ካፖርቴን ልመልስ ሄጄ ብርድ ልብሴንም ከሰርኩ ማለት ነው። አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ባሻ ከነጠላዬ ወጣ። ሽታው ነው መሰለኝ። ክንዴን ተሻገረ፣ በእጅጌው ሽቅብ ወጣ፣ ደረታቸው ላይ፣ ሁልጊዜ በሚተኛበት ከግራ ኪሱ በላይ ተለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ሽማግሌው እጃቸውን አሳርፈው ዳሰሱት።

«ድመት ነው?»

«ድመት አይደለም።»

«ቆዳው እንደ እኔ እጅ ነው» አሉ። «ደግሞ ቀዝቃዛ ነው ምስኪን። የማን ነበር ይኸ ካፖርት?»

«የሚሞቅ ሰው ነበረ» አልኳቸው።

ካፖርቱን ገለጥ አድርገው ሸፈኑት። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ሦስታችን እንደዚያ ተቀመጥን። ደመናው ሲመለስ ተነሣሁ። ባሻ ግን አልነሣም አለ፤ ጥፍሮቹን ክሩ ውስጥ ሰክቷል። ብጎትት ካፖርቱ ይተረተራል፤ ልተወው ደግሞ አደራ ነው። ተንበርክኬ ጥፍሮቹን አንድ በአንድ ከክሩ ፈታሁ። አንዱን ስፈታ ሌላውን ይሰካል። እንደገና እፈታለሁ። ጉንጬ አንገትጌው አጠገብ ነበር። ሽታው ነበረ፤ ትንሽ፣ ሊያልቅ ሲል። የመጨረሻውን ጥፍር ስፈታ ብዙ ቆየሁ።

ቤቴ ስገባ መብራት የለም። ካፖርት የለም፣ ብርድ ልብስ የለም። ጋቢዬን ለብሼ ጋደም አልኩና፣ ሌላ ምንም ስላልነበረኝ፣ ባሻን ደረቴ ላይ አስተኛሁት። ቅዝቃዜው እስከ ጀርባዬ ዘለቀ። ዘገነነኝ፤ ግን አላወረድኩትም። ቀስ እያለ ሆዱ ለዘብ አለ፣ ቀስ እያለ ከእኔ ገላ ጋር እኩል ሆነ። ጢሙ አንገቴ ሥር ገባ።

እንደዚያ ሆነን ሳለን መብራት መጣ። የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ «መጣ! መጣ!» እያለ ጮኸ፤ ዘይነባ በግድግዳው በኩል «እትዬ፣ መጣልዎት፣ ያስገቡት ከአምፖሉ ሥር!» አለችኝ። ቀዩ አምፖል ባዶው ሳጥን ላይ ቦግ አለ።

«እሺ ዘይነቡ» አልኳት።

እጄን ዘርግቼ አምፖሉን አጠፋሁት።